በሱሉልታ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር የነበርኩ ጊዜ

ሞኝነቴን ከመጀመሪያው ልናገርና ይውጣልኝ። ሱሉልታ ባለች አንዲት የእናቶች ክሊኒክ መዝገብ ውስጥ ለሦስት ሳምንት ያህል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ስም፦ ደረጀ። ጾታ፦ ሴት። ጾታዬን የቀየርኩት ወድጄ አይደለም፤ "ወንድ" ብዬ ስሞላ ፕሮግራሙ እርግዝናውን አልቀበልም አለኝ። የደም ግፊቴን ደግሞ ቀዩ የአደጋ ምልክት ይበራ አይበራ እንደሆነ ለማየት ብዬ ሰማይ ላይ ሰቀልኩት። በእንደዚያ ዓይነት ግፊት ሰው በእግሩ አይሄድም። እኔ ግን በእግሬ ሄጄ ጥብስ በላሁ፣ ተመልሼም ሥራዬን ቀጠልኩ።

አሁን ዶሮ ነው የማረባው። ሰበታ፣ ቤቴ ጓሮ። ድርጅታችን መዝገቡን ሁሉ ወደ አንድ ትልቅ ማዕከል ሰብስቦ ሲያበቃ፣ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሰርቨር የሚተክል ሰው አያስፈልግም ተባለና "እናመሰግናለን" የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጡኝ። ሚስቴ ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ሰቀለችው፤ ዶሮዎቹ ቤት። እዚያ ነው የሚያነበው ያለው አለች። ዶሮዎቼ ግን ጥሩ አለቆች ናቸው። ሲርባቸው ይጮሃሉ፣ ሲጠግቡ ዝም ይላሉ። ዳታቤዝ እንደዚያ አይደለም። ዳታቤዝ ተርቦም ጠግቦም ዝም ነው የሚለው፤ የሚናገረው አንዴ ነው፣ ያውም ከመሸ በኋላ።

ወደዚህ ሥራ የገባሁት ከምሰሶ ወድቄ ነው። የስልክ ገመድ ዘርጊ ነበርኩ። አንድ ቀን ቡራዩ ላይ ከታች የምታልፍ ልጅ ለማሳቅ አንድ እጄን ለቀቅኩ፤ ምሰሶው ደግሞ ሌላውን ለቀቀኝ። ልጅቷ እውነትም ሳቀች። እግሬ ተሰብሮ ቤት በዋልኩበት ጊዜ ኮምፒውተር ተማርኩ፣ ልጅቷንም አገባኋት። ወረቀቱን ዶሮ ቤት የሰቀለችው እሷ ናት።

ድርጅቱ ሦስት የእናቶች ክሊኒክ ነበረው፤ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ። ሥራዬ የሕሙማን መዝገብ የሚይዘውን ፕሮግራም በየክሊኒኩ መትከል ነበር። ፕሮግራሙ ኢንተርኔት የሚመስል ገጽ አለው፣ ግን ኢንተርኔት አይፈልግም። ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ ሰርቨሩ፣ መዝገቡን የሚይዘው ዋና ኮምፒውተር፣ ይቀመጣል፣ ከእሱ ገመድ ተዘርግቶ አዋላጇም ካርድ ሠራተኛዋም በየጠረጴዛቸው ይከፍቱታል። ኢንተርኔት ቢጠፋ ግድ የለውም። በዚያን ዘመን ደግሞ ይህ ትልቅ ነገር ነበር።

ያስተማሩኝ ጋሽ ታምሩ ናቸው። ባንክ ቤት ሃያ ምናምን ዓመት መዝገብ ጠብቀው ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው እኛ ዘንድ የመጡት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጆሮአቸው ላይ ሁልጊዜ እርሳስ የሚሰኩ ሰው። አለቃ ብዙ አይቻለሁ። አንዱማ "ዳታቤዙን ነገ ይዘህልኝ ና፣ ልየው" ብሎኝ፣ እኔም ፍላሽ ስሰጠው "ሌላውስ?" አለኝ። ጋሽ ታምሩን የመሰለ ግን አላጋጠመኝም።

ሦስት አመል ነበራቸው። የመጀመሪያው፣ ዋናውን ዳታቤዝ ሲያዘጋጁ አይቀመጡም። በየክሊኒኩ ሁለት ዳታቤዝ ነበር የምንተክለው። አንዱ መለማመጃ ነው፤ ሠራተኞቹ እንደልባቸው የሚያበላሹት፣ የውሸት ሰው የሚመዘግቡበት። የእኔም እርግዝና የተጻፈው የሱሉልታው መለማመጃ ውስጥ ነው። ሌላው ዋናው ነው፤ እውነተኛ እናቶች የሚገቡበት። ጋሽ ታምሩ ለመለማመጃው ወንበር ስበው፣ ሻይ አዘው፣ እግራቸውን አጣጥፈው ነው የሚሠሩት። ወደ ዋናው ሲመጡ ወንበሩን ወደ ግድግዳ ይገፉታል። ቆመው፣ ጎንበስ ብለው፣ በሁለት ጣት ይጽፋሉ። "ሰው ሲቀመጥ ይዝናናል ደረጀ። ወገብህ ሲያምህ ትጠነቀቃለህ" ይሉኛል።

ሁለተኛው፣ ፕሮግራሙ በየትኛው ዳታቤዝ እንደሚሠራ የምትነግረው አንዲት መስመር አለች። ትንሽ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ነው ያለችው። እሷን ሲለውጡ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ ሌላ ሰው ጠርተው ያስነብባሉ። ማንም ይሁን። አንድ ጊዜ ቡራዩ ሰው አጥተው ዘበኛውን ኦቦ ዋቅጅራን ጠሩ። ኦቦ ዋቅጅራ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው አንድ ባንድ ፊደል ቆጠሩና "ይቺ መጨረሻዋ ላይ ያለችው ነጥብ ናት ወይስ የዝንብ ኩስ?" አሉ። የዝንብ ነበረች።

ሦስተኛው፣ አንድ ሰው ከመዘገቡ በኋላ በፕሮግራሙ ገጽ ተመልክተው አይበቃቸውም። "በሳሎን አስገብተህ በሳሎን አትይ። ጓዳ ግባ" ይላሉ። ጓዳ የሚሉት ዳታቤዙን ራሱን ነው። በቀጥታ ይከፍቱታል፣ ያስገቡት ሰው እዚያ መኖሩን በዓይናቸው ካላዩ እርሳሱን ጆሮአቸው ላይ አይመልሱትም።

እኔ ታዲያ በእነዚህ አመሎች ስስቅ ነው የኖርኩት። ሳይኖሩ ቆሜ፣ ጎንበስ ብዬ፣ በሁለት ጣት እየጻፍኩ አስመስላቸው ነበር። ቢሮው ሁሉ ይስቅልኛል።

የማስተር ፕላኑ ነገር የተነሳው በዚያን ጊዜ ነው። ገበሬው መሬቴን ከተማ ሊውጥብኝ ነው አለ፣ ወጣቱ አደባባይ ወጣ፣ መንገድ በድንጋይ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። ሰው ሞተ፣ ሰው ታሰረ። ሦስቱ ከተሞቻችን አዲስ አበባን የከበቡ ናቸውና እሳቱ አንዱ ዘንድ ሲበርድ ሌላው ዘንድ ይነሳል። ጠዋት ሰበታ ሰላም ነው ተብሎ ስትወጣ ከሰዓት መመለሻ ታጣለህ። ኢንተርኔት ጭራሽ ጠፍቷል። ስልክ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል። የኛ ነገር ግን ይሠራ ነበር። ከተማው ሁሉ ጨለማ ውስጥ ሆኖ እዚያች ካርድ ክፍል ውስጥ አንዲት እናት ስሟ ሲጠራ ከወር በፊት የተለካው ግፊቷ ብቅ ሲል፣ እመኑኝ፣ ልቤ ከደስታ ብዛት ይዘላል። ምሰሶ ላይ ሆኜ መጀመሪያ የዘረጋሁት ስልክ ሲጮህ የተሰማኝ ዓይነት ነው።

ሱሉልታን ወደ ዋናው ዳታቤዝ ያዛወርኳት ብቻዬን ነው። ጋሽ ታምሩ ቡራዩ መንገድ ተዘግቶባቸው ቀሩ። ሹፌራችን በር ላይ ሆኖ "ደሬ፣ ከስድስት ሰዓት በኋላ መንገዱን ይዘጉታል እየተባለ ነው፤ ወይ ና፣ ወይ እዚሁ ትዳር መሥርት" ይለኛል። ወንበር ሳብኩ። ተቀመጥኩ። መስመሯን ለወጥኩ፣ ለማንም አላስነበብኩም። አንድ ሰው መዝግቤ በገጹ አየሁ፣ አለ። ጓዳ አልገባሁም። ሮጬ መኪና ውስጥ ገባሁ።

የለወጥኳት መስመር ቅጂው ፋይል ውስጥ ነበረች። ከጥቂት ቀን በፊት ራሴው ለመጠባበቂያ ብዬ የገለበጥኩት ፋይል ነው፤ ፕሮግራሙ አያነበውም። ስለዚህ የሱሉልታ እናቶች ሁሉ ለሦስት ሳምንት መለማመጃው ውስጥ ሲመዘገቡ ቆዩ፣ እኔን ጨምሮ። መለማመጃው እንዲታወቅ ከላይ ቢጫ ጽሑፍ ነበረበት፤ ያስጠላል ብዬ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በየቀኑ የመጠባበቂያ ግልባጭ ይወሰድ ነበር፤ ከዋናው ዳታቤዝ። ዋናው ባዶ ነው። ባዶውን በጥንቃቄ ስንገለብጥ ከረምን።

የባሰው ሌላ ነው። መለማመጃው በውሸት ሰው እንዳይጨናነቅ ብዬ የሚያጸዳ ትንሽ ፕሮግራም ጽፌ ነበር። በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ሁሉንም ያጠፋል። መብራት ጠፍቶ ሰዓቱ ቢያልፍበት እንኳ ማሽኑ ሲበራ የቀረበትን ሥራ ያካክሳል። በዚህች ማካካሻ እንዴት እንደኮራሁ አልነግራችሁም። ጋሽ ታምሩን አስደንቃለሁ ብዬ ሳሳያቸው "የሚያጠፋ ነገር እንዲህ ትጉህ ባይሆን ጥሩ ነበር" አሉኝ። ቅናት መሰለኝ።

ያቺ ቅዳሜ ደረሰች። እኔ ሰበታ ነኝ። የፕሮጀክቱን ኃላፊ አቶ ሰሎሞንን አጠገቤ አስቀምጬ ስለ ሥራዬ እያወራሁ ነው። "ሱሉልታስ?" አሉኝ። "እንደ ሰዓት" አልኩ። ስልኬ ጮኸ። ስምንት ሰዓት አለፍ ብሏል። የሱሉልታዋ ካርድ ሠራተኛ አዴ ጫልቱ ናት። እዚያው ሱሉልታ ተወልዳ ያደገች፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እንደ ጥይት የምታስወነጭፍ፣ ከኔ ጋር መበሻሸቅ የማይሰለቻት ሴት።

"ሄሎ ደሬ፣ አካም? እንኳን ደስ ያለህ።"

"ለምኑ?"

"እርግዝናህ ነዋ። ስምንት ወር ሙሉ ደብቀኸን?"

ሳቅኩ። አቶ ሰሎሞንም ሳይገባቸው ሳቁ።

"ሲስተር እመቤት ናት ያሳየችኝ" ቀጠለች ጫልቱ። ሲስተር እመቤት አዋላጇ ናት። "ከነገ ጀምሮ መንገድ ለቀናት ይዘጋል ስለተባለ፣ የሚያሰጉትን እናቶች ከወዲሁ ደውለን ክሊኒኩ አጠገብ እናድርጋቸው ብላ ዝርዝር አውጪልኝ አለችኝ። አተምኩላት። አንደኛ አንተ ነህ። ግፊትህን አይታ፣ ይሄ ቀልድ ነው፣ ትክክለኛውን አምጪ ብላ ወረቀቱን ወረወረችው። ከአንተ ሥር ለሊሴ የምትባል አለች፣ ሌሎችም አሉ። የቱን ልመን?"

ሳቄን አቆምኩ። እኔ እዚያ ዝርዝር ላይ የምገኘው መለማመጃው ላይ ብቻ ነው። እኔ ካለሁ፣ ሁሉም መለማመጃው ውስጥ ናቸው ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ የወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ። አቶ ሰሎሞን እኔን ያያሉ።

አሁን እዚህ ላይ ሁለት ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። "ጫልቱ፣ ተሳስቻለሁ። ከእኔ በቀር ሁሉም እውነተኛ እናቶች ናቸውና ሁሉንም አትመሽ አስቀምጪ።" አለቀ። ግን ኃላፊው አጠገቤ ተቀምጠዋል፣ "እንደ ሰዓት" ብያለሁ፣ ያን ሁሉ ጉራ ነፍቻለሁ። ስለዚህ ምን አልኩ?

"ጫልቱዬ፣ ሰርቨሩን አጥፊው።"

"ለምን? ችግር አለ እንዴ?"

"ኧረ ምንም። ትንሽ ይረፍ። እሱም እንደኔ ስምንት ወሩ ነው።"

ሳቀች። "ዝርዝሩስ?"

"መልሼ እደውልልሻለሁ፤ አሁን ብቻ አጥፊው።"

አጠፋችው። ሐሳቤ ከአቶ ሰሎሞን ዞር ብዬ ልደውልና ላስረዳ ነው። ሽንት ቤት ብዬ ወጣሁ። ደወልኩ። ስልኩ የለም። ኔትወርክ የሚባል ነገር ከሰበታ እስከ ሱሉልታ ተነቅሏል። ግቢው ውስጥ ስልኬን ወደ ላይ ይዤ ስዞር ያየችኝ አንዲት እናት "ወፍ ልትይዝ ነው?" አለችኝ። በእግር ልሂድ አልኩ፤ ሱሉልታ የከተማው ሌላ ጫፍ ነው። ሹፌሩን ለመንኩት፤ "አየር ጤና እንኳ አንደርስም" አለኝ። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አሥር ሆነ። ማሽኑ ጠፍቷልና ምንም አይሆንም፣ ጫልቱ ካልነካችው ምንም አይሆንም እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ግን ጫልቱ ለምን አትነካውም? ይረፍ ነው ያልኳት። እስከ መቼ እንደሚያርፍ አልነገርኳት።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ነፍስ ዘራ። እሷ ቀደመችኝ።

"ደሬ፣ ሲስተር ትክክለኛውን ዝርዝር አምጪ ብላ ስታስጨንቀኝ፣ ማሽኑም በቂ አርፏል ብዬ አበራሁት።"

"እሺ።"

"ባዶ ነው። አንድም ሰው የለም። አንተም የለህም።"

አቶ ሰሎሞን ይስሙ አይስሙ ማሰብ ተውኩ። እዚያው ፊታቸው ተናገርኩ። የሆነውን ሁሉ፣ ከቅጂው ፋይል ጀምሮ እስከ ትጉሁ ማጽጃ። ጫልቱ በዚህ አልቀለደችም።

"እንግዲያ ለሊሴ የተባለችው..."

"እውነት ናት። ከእኔ በቀር ሁሉም እውነት ናቸው።"

"ሲስተር አሁን ትዝ አላት። ሁለት ሳምንት ሆናት ከመጣች፣ ግፊቷ ከፍ ያለ፣ ልጅ እግር። ግን ሱሉልታ ውስጥ ስንት ለሊሴ አለች ደሬ? መንደሯም የባሏ ስልክም እዚያ ውስጥ ነበር።"

"ሲስተር የወረወረችው ወረቀት ተጠርጎ ይሆን?"

የቦርሳ ዚፕ ሲከፈት ሰማሁ።

"አልተጠረገም። ለባሌ ላሳየው ብዬ አንስቼው ነበር። ደሬ እርጉዝ ነው ስለው አያምነኝማ።"

ለሊሴ በወረቀቱ ላይ ሁለተኛ ነበረች። ጫልቱና ሲስተር ወዲያው ሲደውሉ ባሏ ኦቦ ገመቹ ስልኩን አነሳና ሚስቱ ከጠዋት ጀምሮ ራሷን እንዳመማት፣ አሁን ደግሞ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይላል ማለቷን ነገራቸው። ድካም መስሎት ነበር። በባጃጅ ይዟት ወጣ። መንገድ የዘጉት ወጣቶች ድንጋዩን በእጃቸው እያነሱ አሳለፉት፤ ከክሊኒኩ ወደ ሆስፒታል የወሰዳትን አምቡላንስም ፊት ፊቱ እየሮጡ መንገድ ጠረጉለት። ይህን ሁሉ የሰማሁት በማግስቱ ጠዋት ነው። ጫልቱ "ሁለቱም ደህና ናቸው" ስትለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ፤ በዚያን ጊዜ መቀመጥ ይቻል ነበር።

መንገዱ ሲከፈት ከጋሽ ታምሩ ጋር ሱሉልታ ሄድን። ፋይሉን ከፈቱት፣ ቅጂውን አዩ፣ መስመሯን አዩ። እጠብቃለሁ፤ ይጮሁብኛል ብዬ፣ ቢጮሁብኝም ይሻለኝ ነበር።

"ተቀምጠህ ነበር?" አሉኝ።

"አዎ።"

እርሳሳቸውን ከጆሮአቸው አወረዱና የሥራ ደብተራቸው ላይ አንድ መስመር ጻፉ። አጮልቄ አየሁት። "ሁለተኛ ሰው አላነበበም። ኃላፊነቱ የእኔም ነው። ታምሩ።" ከዚያ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ገፉት። እኔም አጠገባቸው ቆምኩ። መስመሯን ለወጥናት፣ እሳቸው አነበቡ፣ እኔ አነበብኩ፣ ጫልቱ አነበበች። ጓዳ ገባን። ማጽጃውን በገዛ እጄ አጠፋሁት። ቢጫውን ጽሑፍ መለስኩት፤ አሁን ሳየው አያስጠላም።

የጠፋው ግን አልተመለሰም። ከወረቀቱ ውጪ ያሉት እናቶች ተራቸው ደርሶ ሲመጡ ጫልቱ እንደ አዲስ መጠየቅ ነበረባት። ለሁለት ሳምንት አጠገቧ ተቀምጬ አብሬ መዘገብኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። አንዲት እናት መጣች፤ ረጋ ያለች፣ ነጠላዋን እስከ አገጯ የተሸፈነች። ጫልቱ ስንት ጊዜ እንዳረገዘች ጠየቀቻት። "አራት" አለች። ስንት ልጅ አለሽ? ሴትየዋ ቀና ብላ አየቻትና "ባለፈው ነግሬሽ ነበር እኮ" አለቻት። ጫልቱ አላየችኝም። እኔ ቁልቁል ቁልፎቹን አየሁ። ሴትየዋ እንደገና ነገረቻት፣ አንድ ባንድ፣ ልጆቿ የሞቱበትን ወር ሳይቀር። እያንዳንዱን ጻፍኩት። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ቀልድ ያጣሁት ያን ጊዜ ነው።

ደመወዜ አልተቆረጠም፤ ማስጠንቀቂያ ወረቀት ደረሰኝ፣ ፈረምኩ። የጋሽ ታምሩ ቅጣት ግን የተለየ ነበር። በሦስቱም ክሊኒኮች መለማመጃ ዳታቤዝ ውስጥ የመጀመሪያው ሕመምተኛ እኔ እንድሆን፣ እንዳልሰረዝ አዘዙ። አዲስ ሠራተኛ በገባ ቁጥር "ይሄ ደረጀ ማን ነው?" ይላል፣ ታሪኩ ይነገረዋል፣ መስመሯን ለምን ሁለት ሰው እንደሚያነባት ይገባዋል። እስከ ወጣሁበት ቀን ድረስ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበርኩ። ጋሽ ታምሩ ዳግመኛ ጡረታ ሲወጡ እርሳሳቸውን ሰጡኝ። እኔም ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ቆሜ ሠራሁ። ወገቤ ዛሬም ያመኛል።

ከዚያ ነገር ወራት በኋላ ሱሉልታ ለጥገና ሄድኩ። ካርድ ክፍሉ በር ላይ፣ እንደ ልማዴ ጎንበስ ብዬ ሰርቨሩን ሳይ፣ አንዲት ልጅ እግር ሴት ለክትባት የመጣ ሕፃን ታቅፋ ቆማለች። ባሏ ከኋላዋ ዕቃ ይዟል። ጫልቱ ከወንበሯ ሳትነሳ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አለቻት፣ ወደ እኔም በአገጯ ጠቆመች። ገባኝ። ለሊሴ ናት። ቀና አልኩ። ይቅርታ ልጠይቃት ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ ልጀምረው አፌን ከፈትኩ።

እሷ ከራሴ እስከ ጫማዬ አየችኝ። ዓይኗ ሆዴ ላይ ትንሽ ቆየ። ሕፃኑን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዛወረችና በሙሉ ትሕትና እንዲህ አለችኝ፦

"ከእኔ በፊት ተራ ይዘው የነበሩት እርስዎ ነዎት አይደል? እኔ ወንድ ወለድኩ። እርስዎስ ምን ወለዱ?"